ለደንገጎ ዳገት፦ ናፍጣ ፒካፕ ላይ የውሃ መርጫ እንዴት ይገጠማል?

ከድሬዳዋ ጭኖ ወደ ሐረር የወጣ ሰው ያውቀዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ጨርሰህ ሐረማያ ስትደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ነህ። መሐል ላይ ፒካፑ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ቱርቦው እያፏጨ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይጎተታል። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ከታች ደግሞ የግንቦት ቀትር አለ። (ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ አንተ ስልህ አትቀየም። አንቺም ከሆንሽ እያስተካከልሽ አንብቢው።)

ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ላይ ውሃ የሚረጨው መርጫ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ በ1 ባር ግፊት ከ100 ዲግሪ በላይ በቀላሉ ይደርሳል። የጋለ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። እንደ ጉም የደቀቀ ውሃ ሲረጭበት ግን ውሃው ለመትነን ሙቀቱን ይሻማል። አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን 2,257 ኪሎ ጁል ገደማ ይወስዳል። የሸክላ ገንቦ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ዘዴ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላኖች ተጠቅመውበታል፣ ቢኤምደብልዩም በ2016 ኤም 4 ጂቲኤስ በተባለው የቤንዚን መኪናው ላይ ገጥሞታል።

ውሃ ግን ነዳጅ አይደለም። «መኪናህን በውሃ አስነዳልሃለሁ» የሚልህ ሰው ካለ ኪስህን ጠብቅ። ይህ መርጫ ጭነት ላይ ያለ ሞተርን ያቀዘቅዛል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ሙቀት ይቀንሳል፤ በሜዳ መንገድ ላይ ግን ምንም ለውጥ አታይም።

መጀመሪያ መኪናው ይገባዋል ወይ?

ቱርቦ የሌለው የድሮ ሀይሉክስ ካለህ ገንዘብህን አታውጣ። ቱርቦ ኖሮት ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር) የሌለው ከሆነ ጥቅሙ የሚታየው እሱ ላይ ነው። መኪናህ ራዲያተሩ ስለሚፈላ ከሆነ ይህንን የምታነበው፣ ራዲያተሩን አሠራ። አየር ፊልትሮውን አውጥተህ አራግፈው፤ በእኛ አቧራ ግማሹ «የጉልበት ችግር» እዚያ ነው ያለው። የማኒኮቶዎቹን (የጎማ ቱቦዎቹን) ፋሸታዎች አጥብቅ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሽ። ይህን ሁሉ አድርጎ ችግሩ የጠፋለት ጓደኛ አለኝ፤ መርጫውን ሳይገዛ ቀረ።

ዕቃው

10 ሊትር የሚይዝ ታንክ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ከ7 እስከ 10 ባር የሚገፋ የዲያፍራም ፓምፕ፣ ከፓምፑ በፊት የሚገባ ፊልትሮ፣ ግፊት የሚችል ባለ 6 ሚሊ ሜትር የናይለን ቱቦ፣ ሶሌኖይድ ቫልቭ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚከፈት፣ ሲያጣ የሚዘጋ)፣ የቱርቦ ግፊት ሲደርሰው የሚያበራ የግፊት ማብሪያ፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ)፣ 15 አምፔር ፊውዝ፣ አንዲት ቀይ መብራት፣ ኖዝል። የመስታወት ማጠቢያ ፓምፕ ይበቃል የሚል ምክር ትሰማለህ። አይበቃም። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ የሚወጣው ጉም ሳይሆን ጠብታ ነው፤ ጠብታ ደግሞ ሳይተን ሲሊንደር ይገባል።

የኖዝሉን መጠን በግምት አትምረጥ። 75 ኪሎ ዋት ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ በሰዓት ከ20 ሊትር በላይ ናፍጣ ይጠጣል። የሚረጨው ውሃ ከናፍጣው ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ኖዝል በሰዓት 3.6 ሊትር ይሆናል፤ ለዚህ ሞተር ጣሪያው እሱ ነው። «ትልቁ ይሻላል» ካልክ ሞተሩን ታፍነዋለህ፣ ነጭ ጭስ እየተፋ ጉልበቱ ይወርዳል።

ውሃው

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ድሬ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ዕቃው ሳይሆን ውሃው ነው። ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ ውስጡን እየው። ያ የጋገረው ነጭ ድንጋይ ካልሲየም ነው፤ በቧንቧችን የሚመጣው ሁሉ እሱን ይዞ ነው። እኔ መጀመሪያ የገጠምኩ ጊዜ «ውሃ ውሃ ነው» ብዬ የቧንቧ ሞላሁበት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዳገቱ ላይ ያ የድሮው ጩኸት ተመለሰ። ኖዝሉን ፈትቼ ባየው ቀዳዳው ዙሪያ ስኳር የተነሰነሰበት መስሏል፤ ጉሙ ቀርቶ ውሃው በአንድ ጎን እንደ ክር ይወርዳል። አቼቶ ውስጥ አሳድሬው ተከፈተ፤ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ የቀረውን ግን ማን ያወጣዋል?

ስለዚህ የባትሪ ውሃ ግዛ። ስትገዛ ግን ጽሑፉን አንብብ፦ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በአንድ ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። አሲድ ሞተር ውስጥ ገባ ማለት ሞተር ቀረ ማለት ነው። ሌላው ነጻ ምንጭ ኤር ኮንዲሽነር ነው። በድሬዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ስትሄድ አናትህ ላይ ጠብ የሚልብህ ያ ውሃ ከአየር የተጨመቀ ስለሆነ ካልሲየም የለውም። ከላይ ያለው አቧራ አብሮት ስለሚወርድ ግን በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለው፣ አንድ ቀን አስቀምጠህ ከላይ ያለውን ብቻ ቅዳ።

በውጭ አገር ሜታኖል የሚቀላቅሉ አሉ፤ አንዱ ምክንያታቸው ብርድ ነው። እዚህ የሚረጋ ውሃ የለም። አረቄ ጨምርበት የሚል ጓደኛም አይጠፋም፤ እሱ ለራሱ ይጠጣው።

መግጠሙ

ጠዋት 12 ሰዓት ጀምር፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ኮፈን ስር እጅ አይገባም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል።

ኖዝሉ የሚገባው ከኢንተርኩለሩ (ከሌለ ከቱርቦው) በኋላ፣ ከማኒፎልዱ በፊት ባለው ቱቦ ላይ ነው። ከቱርቦው በፊት አታድርገው፤ በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከረውን ቅጠል ጠብታው ይበላዋል። የሙቀትና የግፊት ሴንሰሮች ካሉም ኖዝሉ ከእነሱ አልፎ ወደ ሞተሩ በኩል ይሁን። ቱቦውን ፍታና አውጥተህ ብሳ፤ መኪናው ላይ እንዳለ የሚበሳ ሰው ብናኙን ለሞተሩ እያጎረሰው ነው። ለ1/8 ኢንች የቧንቧ ጥርስ በ8.5 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሳ፣ ጥርሱን ቀስ እያልክ አውጣ፣ ከዚያ በሳሙና እጠበው፣ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር እስኪጠፋ ድገመው። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ጥርሱ አይዝም፤ ቶርኖ ቤት ሄደህ ከአሉሚኒየም አጭር ቱቦ አሠራ። ቴፍሎን ስትጠቀልል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ባዶ ተው፤ የተቀደደ ቴፍሎን ኖዝል ይደፍናል።

ታንኩ ከኖዝሉ ዝቅ ብሎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከፍ ካለ ሞተር ጠፍቶም ውሃው ራሱ ይወርዳል፤ ሲሊንደር ላይ የተጠራቀመ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ጠዋት ሞተሪኖ ስትመታ ቤላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል። ለዚህ ነው ሶሌኖይዱ የግድ የሚሆነው፤ ከኖዝሉ አጠገብ አስረው። «ፓምፑ ራሱ ይዘጋል» ብለው የሚያስቀሩት አሉ። አትስማቸው።

ሽቦው እንዲህ ነው፦ ቁልፍ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ተነስተህ፣ በትንሽ ፊውዝ በኩል ጋቢና ወዳለ ማብሪያ፣ ከእሱ ወደ ግፊት ማብሪያው፣ ከዚያ ወደ ሪሌው። ሪሌው ከባትሪ በ15 አምፔር ፊውዝ የሚመጣውን ለፓምፑም ለሶሌኖይዱም አንድ ላይ ይሰጣል። ቀይ መብራቷ ከፓምፑ ጋር ትያያዝ። የግፊት ማብሪያውን 0.6 ባር ላይ አስተካክለው፤ ከዚያ በታች ሞተሩ ውሃ አይፈልግም።

ሙከራው

ኖዝሉን ከነቱቦው አውጥተህ ጠርሙስ ውስጥ አስገባ። ፓምፑንና ሶሌኖይዱን አንድ ላይ በቀጥታ ከባትሪ ለአንድ ደቂቃ አስነሳና የተጠራቀመውን ለካ፤ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ መሆን አለበት። ቀጥሎ ሁለቱንም አጥፋና ኖዝሉን ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ አስር ደቂቃ ጠብቅ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ ካየህ ሶሌኖይዱ አይዘጋም ማለት ነው፤ እሱን ሳትቀይር ኖዝሉን ቦታው አትመልስ።

መንገድ ስትወጣ የተለመደውን ጭነትህን ጭነህ ደንገጎን መጀመሪያ መርጫው ጠፍቶ፣ በሌላ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት በርቶ ውጣው። የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ ካለህ የሁለቱን ቀን ቁጥር ጻፍ፤ ከሌለህ የኋላ መስታወትህ ላይ ጭሱን እይ። ነዳጁን መስጠት ስትለቅ ቀይዋ መብራት ወዲያው መጥፋት አለባት። ካልጠፋች በማብሪያው አጥፋና ቆም ብለህ ፈልግ።

በሳምንት አንዴ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈተው። ውስጡ እርጎ የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ዘይት ውስጥ እየገባ ነው፤ መርጫውን አጥፍተህ መካኒክ ጥራ። ታንኩንም በየወሩ ደፍተህ እጠብ፤ በእኛ ሙቀት ቶሎ አረንጓዴ ያበቅላል። የውሃውን ጀሪካን በትልቁ «የመርጫ» ብለህ ጻፍበት፤ የእኔን ረዳቴ ለራዲያተር ገልብጦት፣ ታንኩን ከመንገድ ዳር ቧንቧ ሞልቶልኝ ያውቃል።