የመንዝ በግ ጠባቂ ውሻን የቫይኒል አሻንጉሊት ማድረግ

ለአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች የሚሆን የቫይኒል (የለስላሳ ፕላስቲክ) ውሻ መሥራት ካማራችሁ ውሻውን ከደጃችሁ ፈልጉት። ከኢንተርኔት የተቀዳ የፈረንጅ ቡችላ በየሱቁ ሞልቷል። የሆንግ ኮንጉ አርቲስት ማይክል ላው እ.ኤ.አ. በ1999 ስሙ የወጣው የከተማውን የጎዳና ወጣቶች በአሻንጉሊት ሠርቶ ነው። እኛም በጓሮአችን የመንዝ በግ ጠባቂ አለን።

ሂዱና እዩት። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ወጣ ብላችሁ በጎች የሚሰማሩበት ቦታ ቁጭ በሉ፤ ግን ቁጡ ነውና እረኛውን ሳታናግሩ አትጠጉት። ሲበርደው እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ኮሽታ ሲሰማ ጆሮው ወዴት እንደሚዞር፣ ሲቀመጥ ጀርባው እንዴት እንደሚጎብጥ ሳሉ። ደግማችሁ ሳሉ። ቡናማ ከሆነ በመንዝ ጓሳ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ እንዳይመስል ተጠንቀቁ፦ ቀበሮው አፉ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ጉሮሮው ነጭ ነው፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። የእናንተ ውሻ አፉ አጠር ወፈር ይበል።

እኔ የምመርጠው የተቀመጠ ውሻ ነው። ቫይኒል ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ በቀጫጭን እግር የቆመ አሻንጉሊት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ይዘማል። የተቀመጠው ግን መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ጭራው ዞሮ ከጎኑ ሲያርፍ ደግሞ ይደግፈዋል። ሥዕሉን ሙሉ ጥቁር ቀቡትና በአውራ ጣት ቁመት አሳንሱት። ያኔም ውሻነቱ ከታየ ቅርጹ ይዟል ማለት ነው።

ከዚያ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በአንድ ቁመት ሳሉት፤ ለመጀመሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ብሌንደር በሚባለው የኮምፒውተር ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም (ነፃ ነው) ወይም በእጅ በሚቀረጽ ክሌይ ሥሩት። ፀጉሩን አንድ በአንድ አትቁጠሩት፣ ጎላ ጎላ ያሉ ጉብታዎች ይበቃሉ፤ ቀጭን መስመር ቀለም ይሞላዋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ፈሳሽ ፒቪሲ (ቫይኒሉ ማለት ነው) የብረት ሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫ፣ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሞልዱ ይሞቃል፣ ግድግዳው ላይ የያዘው ይረጋል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ሠራተኛው ገና ትኩስና ለስላሳ ሳለ በጉጠት ስቦ በአንገቱ ቀዳዳ ያወጣዋል። ስለዚህ ጭንቅላት፣ ገላና ጭራ ለየብቻ ይሁኑ። የአንገቱ ቀዳዳ አይጥበብ። የጆሮው ጫፍ ከሳሳ አየር ይታፈንበትና ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። ሲቀዘቅዝም ትንሽ ይኮማተራል፣ በምን ያህል እንደሆነ ፋብሪካውን ጠይቃችሁ ሞዴሉን በዚያው ልክ አሳድጉት። ይህን ሁሉ በቤት ምድጃ ለመሞከር እንዳታስቡ፤ ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲሞቅ ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ያወጣል።

የብረት ሞልድ ውድ ስለሆነ የቻይናዎቹ የዶንጓንና የሼንዘን ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ከመቶዎች በታች ትእዛዝ አይወስዱም። ስለዚህ ቀድማችሁ ጥቂት ፍሬ በሲሊኮን ሞልድና በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ፕላስቲክ) እዚሁ አውጡ፣ ሰው ይያቸው። ሰልፈር ያለው ክሌይ ላይ የፕላቲነም ሲሊኮን አይደርቅምና ሁለቱን አታገናኙ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲሊኮኑም ሬዚኑም በብርድ ይዘገያል፣ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ የሚሞቅ ክፍል ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ሬዚኑ እርጥበት ከጠጣ አረፋ ይሞላል፣ ክዳኑን ቶሎ ግጠሙ። አረፋውን ለማውጣት አየር የሚስብ ፓምፕ ካላችሁ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚያነበው አያነብም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መርፌው 70 ኪሎ ፓስካል ገደማ ላይ ይቆማል፣ ፓምፑ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት። የጋዝ ማስክና ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

ቀለም ላይ ቆጥቡ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቀለም፣ ሌላው ቦታ እንዳይነካ የሚሸፍን የብረት ጭንብል ይሠራል፣ ያም ገንዘብ ነው። ቫይኒሉ ራሱ በውሻው ገላ ቀለም ይመረት፣ ከላዩ ሦስት ቀለም ይበቃል። በእጅ የምትቀቡት ካለ ተራ የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፣ ለስላሳ ቫይኒል ላይ እየተጣበቀ ይቀራል።

አንገቱ ላይ ግን የመንዝ በግ ጸጉር የተፈተለ ክር እሰሩለት፣ ሣጥኑ ውስጥ ቁራጭ ባና አንጥፉለት። ይህን ከዶንጓን የሚልክላችሁ የለም።

ናሙናው ሲመጣ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አቁሙት፣ ያዘነብል እንደሆን እዩ፣ ዓይኖቹ እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ፣ ጉድለቱን ፎቶው ላይ እያከበባችሁ መልሱላቸው። ሞልዱ የእናንተ ንብረት መሆኑን ደግሞ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ውሉ ላይ አስጽፉ።