ባህር ዳር ላይ የእጅ ሬድዮ ስካነር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባህር ዳር አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብተው «ስካነር አለ?» ቢሉ መጀመሪያ የሚቀርብልዎ ወረቀት የሚያነሳው ማሽን ነው። «የሬድዮ ስካነር» ብለው ሲያርሙ ዎኪ ቶኪ ይወጣል። «ዲጂታል» ሲሉ ደግሞ ጣቢያውን በቁጥር የሚያሳይ የኤፍ ኤም ሬድዮ ይመጣል። ሻጩ አላታለለዎትም፤ ቃሉ ራሱ ግራ ያጋባል።

እዚህ ስካነር የምንለው ተቀባይ ብቻ የሆነውን የእጅ ሬድዮ ነው። የተሞሉለትን ፍሪኩዌንሲዎች በፍጥነት እየዞረ ይፈትሻል፣ ድምፅ ያለበት ላይ ይቆማል፣ ንግግሩ ሲያልቅ ዙሩን ይቀጥላል። አያስተላልፍም።

«ዲጂታል» ለሚለው ቃል መክፈል

ከሁሉም በላይ ኪስ የሚጎዳው ይህ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ዲጂታል» ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊል ይችላል። አንደኛው ፍሪኩዌንሲው በመስኮቱ ላይ በቁጥር ይታያል ማለት ነው። ሁለተኛው ውስጡ ያለው ማጣሪያ ቺፕ ዲጂታል ነው ማለት ነው። ሦስተኛው በቁጥር ተቀምሮ የተላከ ንግግርን መልሶ ወደ ድምፅ ይቀይራል ማለት ነው። ዋጋውን የሚያንረው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አንድ ወጥ ነገር አይደለም።

ንግግርን በቁጥር ቀምሮ መላኪያ ዘዴዎች የሆኑት ፒ25፣ ዲ ኤም አር፣ ኤን ኤክስ ዲ ኤን እና ቴትራ እርስ በርስ አይግባቡም። ዲ ኤም አር 12.5 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ያለውን አንድ ቻናል በጊዜ ከፋፍሎ ለሁለት ያካፍላል፤ ቴትራ 25 ኪሎ ኸርዙን ለአራት ያካፍላል። ፒ25 በዋናነት የሰሜን አሜሪካ ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው። እንደ ዩኒደን ቢ ሲ ዲ 436 ኤች ፒ እና ኤስ ዲ ኤስ 100 ያሉት ውድ ስካነሮች ፒ25ን ከፋብሪካ ይዘው ይወጣሉ። ለዲ ኤም አርና ለኤን ኤክስ ዲ ኤን ግን ለብቻ የሚገዛ መክፈቻ ኮድ ይጠይቃሉ። ኮዱ ለዚያው መሣሪያ መለያ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚከፈለውም በኢንተርኔት በዶላር ነው። ዕቃውን ዘመድ ቢያመጣልዎትም ኮዱን የሚከፍልልዎ ሰው እንደገና መፈለግ ይኖርብዎታል። ቴትራን ሁለቱም አያወጡም። የተመሰጠረ ንግግር ደግሞ በየትኛውም ዋጋ የተገዛ ስካነር አይከፍተውም፤ «ይከፍታል» ያለዎት ሻጭ ቢኖር ከዚያ ሱቅ ይውጡ።

ጀማሪ በሕጋዊ መንገድ ሊያደምጠው የሚችለው ዋናው ነገር፣ ማለትም የአማተር ሬድዮና ከጠፈር ጣቢያ የሚወርደው ድምፅ፣ በአብዛኛው በተለመደው አናሎግ ኤፍ ኤም ነው። ለዚህ 100 ዶላር አካባቢ የሚያወጣው አናሎጉ ዩኒደን ቢ ሲ 125 ኤ ቲ ይበቃል። 500 ቻናል በ10 ክፍል ይይዛል፤ የሚሠራውም በሁለት ተራ ድንጋይ ነው። ከ600 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ኤስ ዲ ኤስ 100 ዋጋው የናረው፣ የአሜሪካ ከተሞች ከብዙ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፉትን ፒ25 አጥርቶ እንዲይዝ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ጣና ዳር ያ ብልጫ ሥራ የለውም።

የአሜሪካን ካርታ ይዞ ባህር ዳር መምጣት

የውዶቹ ስካነሮች ማስታወቂያ «የፖስታ ኮድዎን ብቻ ያስገቡ፣ የቀረውን ለኛ ይተዉት» ይላል። በስካነሩ ውስጥ ያለው የፍሪኩዌንሲ መረጃ ግን የአሜሪካና የካናዳ ብቻ ነው። እዚህ ሲከፍቱት ባዶ ስለሚሆን ፍሪኩዌንሲዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ወይም በኮምፒውተር መሙላት የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የአሞላል መመሪያውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ ያለ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ሥቃይ ነው።

የአየር ሁኔታ ቁልፉም እንዲሁ ነው። ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋ ኸርዝ ያሉትን የሰሜን አሜሪካ የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ይፈልጋል፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ የሚሄድ ሰው «ማዕበል ሲመጣ ይነግረኛል» ብሎ እንዳይመካበት። የጣናን ነፋስ ከዚያ ቁልፍ ይልቅ ባለ ታንኳው ያውቀዋል።

«ተቀባይ ብቻ ነው» ብሎ ያለ ወረቀት ማስመጣት

የአገሪቱን የሬድዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃው ፈቃድ ያስፈልገው አያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው እንጂ ሻጩም ሆነ ዩቲዩብ አይደለም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ መግዛት ነው። የሞዴሉን ሙሉ ስም፣ የሚቀበለውን የፍሪኩዌንሲ ክልልና ማስተላለፍ እንደማይችል የሚያሳየውን የፋብሪካ ገጽ ይዘው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ቦሌ ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ አንቴና ያለው ነገር ሲወጣ «አይናገርም፣ ይሰማል ብቻ» የሚለው ክርክር ብዙ አያራምድም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የግንኙነት ምስጢር ይጠብቃል። የጸጥታ አካላትንና የግል ድርጅቶችን ንግግር ለማዳመጥ ስካነር የሚፈልግ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይተወው። የተቀረውም ሰው ቢሆን አንቴና ዘርግቶ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ወይም ዓባይ ድልድይ ላይ አይቁም፤ ወረቀቱንም ከዕቃው አይለይ።

ዎኪ ቶኪን ስካነር ነው ብሎ መግዛት

ርካሹ ባኦፌንግ ዩ ቪ 5 አር «ስካን» የሚል ቁልፍ ስላለው ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዋና ሥራው ማስተላለፍ ነው፤ ስለዚህ የፈቃዱ ጥያቄ ከስካነር ይብሳል። ጎኑ ላይ ያለው ቁልፍ በስህተት ከተጫነ የሌላ ሰው መስመር ላይ ገቡ ማለት ነው። ፍተሻውም ቀርፋፋ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ቻናል ብቻ ስለሚያይ አጭር ንግግር ሳይደርስበት ያልቃል።

ምን መስማት እንደሚፈልጉ ሳይወስኑ መግዛት

«ሁሉንም ይይዛል» የሚባል የእጅ ሬድዮ የለም። ቢ ሲ 125 ኤ ቲ ከ25 እስከ 54፣ ከ108 እስከ 174፣ ከ225 እስከ 380 እና ከ400 እስከ 512 ሜጋ ኸርዝ ይቀበላል። ልብ ብለው ይዩት፤ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ያሉበት ከ88 እስከ 108 የለም። የውጭ አገር ጣቢያዎች የሚሰሙበት አጭር ሞገድም የለም ማለት ይቻላል። ፍላጎትዎ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ማደን ከሆነ ስካነር ሳይሆን እንደ ቴክሰን ፒ ኤል 330 ያለ ሬድዮ ይግዙ።

አውሮፕላኖች ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ የሚነጋገሩት ደግሞ በኤ ኤም ነው፤ በየትኛውም ዓለም እንዲሁ ነው። ዕቃው ኤ ኤም ከሌለው የሚሰማው የተቆራረጠ ጫጫታ ነው። ይህን ክልል የማድመጥ ሐሳብ ካለዎት ለባለሥልጣኑ በሚጽፉት ጥያቄ ውስጥ ለይተው ያስገቡት።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ይጨመር። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ መመሪያዎች ጀማሪውን ወደ 137 ሜጋ ኸርዝ ልከው ኖአ የተባሉትን የአሜሪካ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች የደመና ፎቶ እንዲቀበል ይመክራሉ። ኖአ 15፣ 18 እና 19 በፈረንጆቹ 2025 ሥራ አቁመዋል። ለእነሱ ብሎ ዕቃ የሚገዛ ሰው ባዶ ሹክሹክታ ነው የሚሰማው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ግን አለ። ድምፁ በ145.800 ሜጋ ኸርዝ በኤፍ ኤም ይወርዳል። ከምድር ወገብ እስከ 51.6 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ ስለሚመላለስ፣ 11.6 ዲግሪ ላይ ያለችው ባህር ዳር ከመንገዱ ውስጥ ናት። አንድ ማለፊያ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ይሰማል። ሁልጊዜ አይናገርም። አንዳንድ ጊዜ ግን ምስል በድምፅ ቀይሮ ይልካል፤ ሮቦት 36 የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ከፍተው ማይኩን ወደ ስካነሩ ቢያስጠጉ ፎቶው መስመር በመስመር ይወጣል።

በጎማ አንቴናው ፈርዶ ዕቃውን መጣል

አብሮ የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለሁሉም ክልል ተብሎ ስለተሠራ ለየትኛውም በደንብ አይሆንም። ትክክለኛውን ቁመት ማስላት ቀላል ነው፦ 7500ን በሜጋ ኸርዙ ያካፍሉ፣ በ0.95 ያባዙ፣ መልሱ በሴንቲ ሜትር ይወጣል። ለ145.8 ሜጋ ኸርዝ 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ለጠፈር ጣቢያው የሚሆን አንቴና በቤት ውስጥ ይሠራል። 1.5 ሚሊ የቤት መስመር የመዳብ ሽቦ ሁለት ቁራጭ 52 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ በኋላ እየተከረከመ 49 ይደርሳል። ሁለቱን በቀርከሃ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ላይ አግድም አስተኝተው በመካከላቸው 120 ዲግሪ ይክፈቱ። አንዱን ከገመዱ መሐል ሽቦ፣ ሌላውን ከገመዱ መረብ ጋር ያገናኙ።

ገመዱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አር ጂ 58 የተባለው ቀጭን ገመድ በ150 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በ100 ሜትር 20 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ በሌላ አነጋገር 15 ሜትር ከጣሪያ እስከ ሳሎን ከተዘረጋ የተቀበሉት ኃይል ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። በየሱቁ የሚሸጠው አር ጂ 6 የዲሽ ገመድ የሚበላው ከዚያ ግማሽ በታች ነው። «እሱ 75 ኦም ነው፣ ስካነሩ 50 ይፈልጋል» የሚል አዋቂ ቢመጣ እውነት ብሏል፤ ለመቀበል ብቻ ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው። የዲሽ ገመድ መረብ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ በሊድ ብየዳ አይዝም። ስለዚህ በብሎን በሚጠብቅ የመስመር ማያያዣ ይሰሩት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ገመዱን ከስካነሩ ነቅለው ውጭ ይተዉት።

አያያዡንም አስቀድመው ይዩ። ቢ ሲ 125 ኤ ቲ ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ቢ ኤን ሲ አለው፤ አዳዲሶቹ ትንሹን ኤስ ኤም ኤ ይዘዋል። የባኦፌንግ አንቴና ጾታው ተቃራኒ ስለሆነ አይገባም፤ በጉልበት ያስገባው ሰው መሐለኛውን ፒን ይሰብራል።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ማመን

ርቀት የስካነሩ ባሕርይ አይደለም፤ የሁለቱ አንቴናዎች ከፍታ ነው። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ስኩዌር ሩት ያውጡለትና በ4.12 ያባዙት፤ ያ የሬድዮ አድማሱ ነው በኪሎ ሜትር። ጣና ዳር ቆሞ በ1.5 ሜትር የያዘው ሰው አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከባህር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ማዶ የሚላክን ነገር ለመስማት የላኪው አንቴና ከውሃው በላይ 250 ሜትር ያህል መውጣት አለበት ማለት ነው። ውሃው ላይ ኮረብታ የለም፤ የምድር ክብነት ግን አለ። እርስዎ አራት ፎቅ ጣሪያ ላይ ቢወጡ፣ 14 ሜትር ቢሆን፣ የራስዎ አድማስ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ውድ ስካነር ያንን አያደርግልዎትም።

ጫጫታውን የዕቃው ጥፋት ማድረግ

ስካነሩ ቤት ውስጥ ሲጮህ ቢውል ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ ርካሽ ቻርጀር ወይም የሶላር መቆጣጠሪያ ነው። ለመለየት የተሻለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው፤ ይህ ዕድል ደግሞ አይጎድልም። መብራት ሲጠፋ ጫጫታው አብሮ ከጠፋ ምንጩ ቤትዎ ወይም ጎረቤት ነው።

የኤፍ ኤም ማሰራጫ አጠገብ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥምዎታል፤ በማይመለከተው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሙዚቃ ይሰማል። ኃይለኛው ጣቢያ ተቀባዩን አጥለቅልቆት ነው። መቀነሻ የሚል ምርጫ ካለው ያብሩት፤ ካልበቃ ከ88 እስከ 108 የሚያግድ ትንሽ ማጣሪያ በአንቴናውና በስካነሩ መሐል ይገባል። ንግግር በሌለበት ሹክሹክታውን የሚዘጋውን መቆጣጠሪያ፣ ስኩዌልቹንም፣ እስከ መጨረሻ አያጥብቁት። ሹክሹክታው ልክ ሲቆም ጥቂት ብቻ ጨምረው ይተዉት፤ ከዚያ ካለፈ ደካማውን ድምፅ አብሮ ያፍነዋል።

ድንጋይና ውሃ

ተራ ድንጋይ የሚቀበል ሞዴል ይምረጡ። ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠራ ባትሪ ሲያልቅ ከየት ይገኛል? የሚሞላና የማይሞላ ድንጋይ መምረጫ በባትሪ ቤቱ ውስጥ ያለው ከሆነ በትክክል ያድርጉት፤ የማይሞላ ድንጋይ አስገብተው ዩኤስቢ ቢሰኩ ይፈሳል፣ ሽቦውንም ይበላል። አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ምልክት ርጭት ይችላል ማለት ነው እንጂ ጣና ውስጥ መውደቅን አይደለም። ከወደቀ ድንጋዩን ወዲያው ያውጡ፣ አይክፈቱት፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሁለት ቀን ያድርቁት። ጤፍ ውስጥ አይቅበሩት፤ ፍሬው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባና ሁለተኛ ጥገና ይሆናል።

ያገለገለ ዕቃን ሳይፈትሹ መቀበል

ሁለት አዲስ ድንጋይ፣ ኤርፎንና የመኪና ሪሞት ቁልፍ ይዘው ይሂዱ። ስኩዌልቹን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ሹክሹክታው በሁሉም ክልል መሰማት አለበት። አንዱ ክልል ላይ ጭጭ ካለ ውስጡ ተጎድቷል። አንቴናውን እያንቀሳቀሱ ያዳምጡ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ አያያዡ ላልቷል። ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይጫኑ፣ ኤርፎኑን ይሰኩ። ከዚያ ስካነሩን 433.920 ሜጋ ኸርዝ ላይ አድርገው የመኪናውን ሪሞት ሁለት ሜትር ርቀው ይጫኑ፤ የሲግናል ምልክቱ ብድግ ማለት አለበት። ካላለ 315 ላይ ይሞክሩ፤ የጃፓን ገበያ መኪኖች ብዙዎቹ እዚያ ናቸው። በሁለቱም ላይ ዝም ካለ ሌላ ሪሞት ይሞክሩ፤ አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ስካነሩን ለባለቤቱ መልሱለት።