ወስፌና ክር ይዘን ስንቀመጥ፦ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ስናሰባስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም ሴቶች ለስፌት ሲሰባሰቡ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ስንደዶና አክርማ ወይም የቀሚስ ጥልፍ ይዞ ጎረቤት ቤት መዋል የኖረ ነገር ነው። ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች በዚህ ሥራ ዙሪያ ማሰባሰብ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው፤ ገመናቸው አደባባይ ሳይወጣ ከብቸኝነት ይወጣሉ። ሆኖም በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ይህን ለመጀመር የተነሣ ሰው በቅንነት ብዙ ሊያበላሽ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት «ተናገሪው፣ ይቀልልሻል» ብሎ መገፋፋት ነው። ያልተዘጋጀች ሴት የደረሰባትን በሰው ፊት እንድትተርክ ማስገደድ ዳግም ያቆስላታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከአሰቃቂ ድርጊት በኋላ ሰውን አስቀምጦ ዝርዝሩን ማናዘዝን አይደግፍም። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን የማገገምን መንገድ በሦስት ስትከፍል ደኅንነትን አስቀድማለች፤ ማስታወስና ማዘን ሁለተኛ ነው፣ ከሰው ጋር ዳግም መተሳሰር ሦስተኛ። ስፌት የሚያግዘው በዚያ በመጀመሪያው ነው። ዓይን ወስፌው ላይ ስለሆነ ማንም በማንም ላይ አያፈጥም፤ ዝም ያለችውም በሥራዋ የተጠመደች ናት። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ቤት የቀረ ዝምታ ሴትን ይበላታል፤ በእህቶች መካከል ተቀምጦ ዝም ማለት ግን ያሳርፋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣ፤ ሦስት ወርም ይለፍ። ካልተናገረች አትጠየቅ።

ሁለተኛው የስም ስህተት ነው። ቡድኑን «የተጠቂዎች ማኅበር» ብሎ በር ላይ መለጠፍ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ስም ዝርዝር ማንበብ ወይም የገቡትን በጥቃታቸው ዓይነት መመዝገብ ልጅቷን ለመንደሩ አሳልፎ መስጠት ነው። ቡድኑ የስፌት ቡድን ይባል፤ ጥቃት ያልደረሰባቸው ሴቶችም ይግቡበት። ያኔ ማን ለምን እንደመጣች አይታወቅም። ገጠር ውስጥ ሁሉም ስለሚተዋወቅ ይህን እንደ ትንሽ ጉዳይ ማየት አይገባም።

ሌላው ደግሞ ስፌቱን መድኃኒት አድርጎ መቁጠር ነው። ጥቃቱ ትናንት የደረሰባት ሴት ከሁሉ በፊት ጤና ተቋም መድረስ አለባት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፤ ሁለቱም በቶሎ ሲሆኑ ይበልጥ ይሠራሉ። መንገድ ድንገት ሊዘጋ በሚችልበት አካባቢ ደግሞ መድኃኒቱ የትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለ አስቀድሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ማጣራት የአስተባባሪዋ ግዴታ ነው። እንቅልፍ ያጣችን፣ ራሷን ለመጉዳት የምታስብን ሴትም ወደ ባለሙያ መውሰድ እንጂ ክር መጨመር አይረዳትም።

ሽምግልናም ወደ ቡድኑ አይግባ። «ታረቂው፣ ቤትሽን አታፍርሺ» የሚል ሽማግሌ እዚያ ቦታ የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በእርቅ የሚደፋፈን ጥፋት አይደለም።

ገቢ ማግኘት ነውር የለበትም። በቺሊ ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ዘመዶቻቸው የታሰሩባቸውና የጠፉባቸው ሴቶች ሐዘናቸውን በቁራጭ ጨርቅ እየሰፉ ይሸጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ሥራዎች ለደኅንነት ሲባል ስም አልተጻፈባቸውም። የሚጎዳው በሳምንት ይህን ያህል ሌማት ብሎ መመደብ፣ ለረጂ ድርጅት ሪፖርትም ፊቷን ፎቶግራፍ ማንሣት ነው።

በመጨረሻ፣ አለላውን አትምረጡላት። ያጣመመችውን ስፌት ከእጇ ተቀብላችሁ አትፍቱባት። በር አጠገብ መቀመጥ ከፈለገች እዚያው ትቀመጥ፤ የሰፋችውን ሁሉ ተርትራ እንደገና ብትጀምርም ተዉአት፣ ስንደዶውን ብቻ አቀብሏት።