ርካሽ ኢርፎን ድምፁ ጥሩ መሆኑን እንዴት እንለያለን?

ሱቅ ገብተን ኢርፎን ስንሞክር ሻጩ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የበዛበት ዘፈን ከፍቶ ቮሊየሙን ጥግ ያደርሰዋል፣ እኛም "ኧረ ይሄማ ይደበድባል" ብለን ብር እንቆጥራለን፣ ቤት ገብተን ስንሰማው ግን ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ስለዚህ እስቲ ተረጋግተን እንሞክረው።

መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎማ። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ አብሮ ይመጣል፣ ጆሮን በደንብ ካልደፈነ ቤዙ በክፍተቱ ይወጣና ድምፁ ይቀጥናል። እኔ አንዱን ቤዝ የለውም ብዬ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት፣ በኋላ ትልቁን ጎማ ሳደርግለት ሌላ ኢርፎን ሆነ በቃ። ሁለቱ ጆሮዎቻችን እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ በአንዱ ትልቅ በሌላው መካከለኛ ማድረግም ይቻላል።

ከዛ ስልኩ ላይ ኢኳላይዘር፣ ቤዝ ቡስት ምናምን የሚባል ድምፅ የሚቀያይር ነገር ካለ አጥፉ። የዘፈኑ ፋይልም በሰከንድ 320 ኪሎቢት አካባቢ ይሁን (ቁጥሩ ሲያንስ ዘፈኑ ይበልጥ ተጨምቋል ማለት ነው)፣ በ64 ኪሎቢት የተጨመቀ ዘፈን ከፍታችሁ ኢርፎኑን አትውቀሱት፣ ከድሮ ሸክላ የተቀዳ ከሆነም የሚንኮሻኮሸው ከቅጂው ነው።

አሁን ግጥሙን በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱና ድምፃዊውን ብቻ ስሙ። "ሰ" እና "ሸ" ላይ ጆሮን እንደ መርፌ ከወጋ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) በዝቷል ማለት ነው፣ ርካሽ ኢርፎን ላይ የተለመደ ችግር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ስትሰሙት ጆሮ ያደክማል። "ጠ"፣ "ጨ"፣ "ቀ" ደግሞ ጥርት ብለው መውጣት አለባቸው፣ ከለዘቡ ድምፁ ታፍኗል።

ቀጥሎ ክራር ብቻውን ያለበት። ክሩ በጣት ተነክቶ ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ እስኪጠፋ ድረስ መከተል ከቻላችሁ ያ ኢርፎን ደህና ነው፣ ማሲንቆም ላይ ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ሲፈትገው ያቺ ሻካራነት መሰማት አለባት፣ እሷ ከጠፋች ማሲንቆው እንደ ኪቦርድ ይሆንባችኋል።

ቤዙን በከበሮና በቤዝ ጊታር ሞክሩት። ከበሮው "ድም" ብሎ ማቆም አለበት፣ "ድምምም" እያለ ድምፃዊው ላይ ከተኛበት ቤዙ በዛ እንጂ አላማረም። ቤዝ ጊታሩ ኖታ ሲቀይር መለየት ካቃታችሁም ተዉት።

ድምፁ ወደ አንድ ጎን ካደላ ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ አድርጉት። ማድላቱ አብሮ ከዞረ ከኢርፎኑ ወይ ከስልኩ ባላንስ (የግራና ቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛ) ነው፣ እዛው ጆሮ ላይ ከቀረ ግን ጎማው በደንብ አልገባም ወይ ኩክ አለ።

ሁለት ኢርፎን ስታወዳድሩ ቮሊየማቸውን እኩል አድርጉ፣ ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላልና። በመጨረሻ ቮሊየሙን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ፣ በዛ ድምፅም ግጥሙ ቃል በቃል ከተሰማችሁ ግዙት።