የወረቀት ክብደት ሲዋዥቅ ከፐልፑ ጀምሩ፦ የኮንሲስተንሲ ሉፕን እንዴት እንደምናስተካክል

ማሽኑ መጨረሻ ላይ ያለው ስካነር የወረቀቱ ክብደት ከፍ ዝቅ እያለ መሆኑን ሲያሳይ፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ስካነሩን ነው። ስካነሩ ግን ብዙ ጊዜ ያየውን ነው የሚናገረው። ችግሩ የሚናገረው ዘግይቶ መሆኑ ነው። በደቂቃ 600 ሜትር የሚሮጥ ማሽን በየሰከንዱ 10 ሜትር ወረቀት ያወጣል። ስካነሩ ጥፋቱን አይቶ ኮምፒውተሩ እስኪያርም ድረስ ብዙ መቶ ሜትር ወረቀት ተጠቅልሎ አልቋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሰን ፐልፑን፣ ማለትም ወረቀቱ የሚሠራበትን ቃጫ፣ እንይ።

ኮንሲስተንሲ ማለት ከውሃ ጋር በተደባለቀው ፐልፕ ውስጥ ደረቁ ነገር በክብደት ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 3.5 መሆን የነበረበት ፐልፕ 3.6 ሆኖ ቢገባና ፍሰቱ ባይለወጥ፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የነበረው ወረቀት 82.3 ግራም አካባቢ ይሆናል። ስክሪን ላይ ኢምንት የምትመስለው 0.1 ይህን ያህል ታመጣለች።

መጀመሪያ መስመሩን በእግራችሁ ሂዱበት

ሉፑ፣ ማለትም ኮንሲስተንሲውን ለክቶ የሚያርመው የቁጥጥር ዙር፣ ቀላል ነው። ወፍራሙ ፐልፕ ከታንኩ ይወጣል። ፓምፑ መግቢያ ላይ የማቅጠኛ ውሃ ይጨመርበታል። ፓምፑ ራሱ ያደባልቀዋል። ከፓምፑ በኋላ ትራንስሚተሩ የተባለው መሣሪያ ኮንሲስተንሲውን ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የውሃውን ቫልቭ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ይህን በወረቀት ላይ ሥሉት፤ ርቀቱንም ጻፉበት። ትራንስሚተሩ ከፓምፑ በራቀ ቁጥር ለውጡን የምናየው ዘግይተን ነው።

እግረ መንገዳችሁን የቫልቩን መጠን አስሉ። በደቂቃ 1000 ሊትር የሚሄድ የ4 በመቶ ፐልፕን ወደ 3.5 ለማውረድ በደቂቃ 143 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። ያን ውሃ ለመስጠት ቫልቩ 5 በመቶ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቫልቩ ከሚገባው በላይ ትልቅ ነው። እንዲህ ያለውን ቫልቭ የትኛውም ሶፍትዌር ልክ አያስገባውም።

ትራንስሚተሩ የሚለካበትን የሴንሰር ዓይነትም እወቁ። ስለት ያለው ሴንሰር የሚለካው ቃጫው ስለቱን የሚገፋበትን ኃይል ነው። ገንፎ ስታማስሉ ማማሰያው እጃችሁ ላይ የሚከብደው ዓይነት ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ የፍሰቱ ፍጥነትና የቃጫው ዓይነት ያሳስቱታል። ከቱቦ መታጠፊያ አጠገብ ከተገጠመም ይረበሻል። የማይክሮዌቩ ሴንሰር ግን የቃጫው ዓይነት ብዙም አያስጨንቀውም፤ ጠላቱ በፐልፑ ውስጥ ያለ የአየር አረፋ ነው። የወንጂው የወረቀት ፋብሪካ ሲሠራ እንደቆየው፣ ከውጭ የመጣ ፐልፕንና አሮጌ ወረቀትን ለሚጠቀም ቦታ ገንዘቡ ካለ እኔ ማይክሮዌቩን እመርጣለሁ። አሮጌ ወረቀት ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ቃጫ ነው የሚያመጣው።

ከላቦራቶሪ ጋር ማመሳከር

ናሙና የምትወስዱበት ቧንቧ ከትራንስሚተሩ አጠገብ ይሁን። ከፍታችሁ በደንብ ይፍሰስ፤ ቧንቧው ውስጥ የከረመው ፐልፕ ይውጣ። ናሙናውን በምትቀዱባት ቅጽበት ስክሪኑ የሚያሳየውን ቁጥር መዝግቡ። ከላብ ስትመለሱ ያለው ቁጥር አይጠቅማችሁም።

ላብ ውስጥ የሚደረገው የታወቀ ነው፦ አጣርቶ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቆ መመዘን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሚዛኑ ላይ ቃጫውም፣ ተጣርቶ የቀረው የሸክላ ወይም የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄትም አብሮ ይመዘናል። ስለት ያለው ሴንሰር ግን በዋናነት የሚያውቀው ቃጫውን ነው። የዱቄቱ መጠን ሲቀየር ሁለቱ ቁጥሮች ቢለያዩ ሴንሰሩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

በአንድ ናሙና ብቻ ሴንሰሩን አታስተካክሉ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ሺፍት በራሱ ናሙና ዜሮውን፣ ማለትም የሴንሰሩን የንባብ መነሻ፣ ሲያነሳና ሲጥል አይቻለሁ። የማታው ሺፍት ያነሳውን የጠዋቱ ያወርደዋል። ከሳምንት በኋላ ትክክለኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከተለያዩ ሺፍቶችና በተለያየ ውፍረት የተወሰዱ ናሙናዎችን ሰብስቡና በሰንጠረዥ አስቀምጡ። ልዩነቱ ሁሌም ተቀራራቢ ከሆነ ዜሮውን ማንሳት ወይም ማውረድ ይበቃል። አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ከተበታተነ ግን ሴንሰሩን አትንኩት፤ የናሙና አወሳሰዳችሁን ፈትሹ።

ቫልቩ፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

የሉፕ ችግር ሲባል ሁሉም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ቁጥር መቀየር ይወዳል። ወንበሩ ይመቻል፤ ቫልቩ ያለበት ቦታ ደግሞ እርጥብና ጫጫታ የበዛበት ነው። የብዙ ሉፖች ሕመም ግን ያለው እዚያ ነው።

ለኦፕሬተሩ ነግራችሁ ኮምፒውተሩ ቫልቩን በራሱ እንዳያንቀሳቅስ ሉፑን ማኑዋል ላይ አድርጉና ትሬንዱን፣ ማለትም ልኬቱ በጊዜ ሂደት ስክሪኑ ላይ የሚሥለውን መስመር፣ ተመልከቱ። መዋዠቁ ካቆመ የሚያዋዥቀው ሉፑ ራሱ ነበር፤ ወይ ቫልቩ ነው ወይ የፒአይዲው (ኮምፒውተሩ እርማቱን የሚያሰላበት ቀመር) ቁጥር። ካላቆመ ምክንያቱ ከሌላ ቦታ ይመጣል። በታንኩ ውስጥ ያለውን የፐልፕ ከፍታና የማቅጠኛውን ውሃ ግፊት እዩ። ሌላ ሉፕ ከዚሁ ውሃ የሚቀዳ ከሆነ እሱ በተከፈተ ቁጥር የእናንተ ግፊት ይወርዳል።

ማኑዋል ላይ እንዳላችሁ አንድ ሰው ስክሪኑ ላይ ይቀመጥ፤ እናንተ ሬዲዮ ይዛችሁ ቫልቩ ጋ ቁሙ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ትእዛዙን በ0.5 በመቶ ይጨምር። ጥቂት ጠብቆ እንደገና 0.5፣ እንደገና 0.5። ዓይናችሁ የቫልቩ ዘንግ ላይ ይሁን። ጤነኛ ቫልቭ ቢበዛ በ1 በመቶ ለውጥ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የታመመው ግን ትእዛዙ 2፣ 3 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ድንገት ፈንጠር ብሎ ከሚገባው በላይ ይከፈታል። ጨምራችሁ ስትጨርሱ በዚያው መጠን ወደ ታች መልሱት። አቅጣጫ ሲቀየር ብቻ የሚዘገይ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ የላላ ነገር አለ።

ፈንጠር የሚል ቫልቭ ያለው ሉፕ አውቶ ላይ ሲሆን መቼም አይረጋም። ኮንሲስተንሲው ትንሽ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ቫልቩ አይሰማም። ትእዛዙ ሲጠራቀም ቫልቩ ይዘላል፤ ኮንሲስተንሲው በሌላው በኩል ያልፋል። ከዚያ ዙሩ ወደ ኋላ ይጀመራል። ትሬንዱ ላይ ትእዛዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይታያል፣ ልኬቱ ደግሞ እንደ ደረጃ። የፒአይዲውን ቁጥር ብታቀዘቅዙት ዙሩ ይረዝማል እንጂ አይጠፋም።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ውሃ አንጠባጠበ ተብሎ ከልክ በላይ የጠበቀ ፓኪንግ፣ ማለትም የቫልቩን ዘንግ ዙሪያ የሚያሽገው ነገር፣ ነው። ቀጥሎ የፖዚሽነሩን (ዘንጉን በአየር ግፊት ወደታዘዘበት ቦታ የሚያደርሰውን መሣሪያ) መገጣጠሚያና የአየር መስመሩን እዩ። ትራንስሚተሩ ላይ የረዘመ ማለስለሻ ፊልተር መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም። መስመሩ ስክሪን ላይ ያምራል፤ ወረቀቱ ግን ያው ነው። እንዲያውም የተጨመረው መዘግየት የሉፑን ችግር ያባብሰዋል።

አሁን ቁጥሩን መቀየር ይቻላል

የድሮዎቹን ቁጥሮች ጽፋችሁ አስቀምጡ። ማኑዋል ላይ ቫልቩን በአንዴ 5 በመቶ ክፈቱና ጠብቁ። የትራንስሚተሩ ክልል ከ2 እስከ 5 ነው እንበል። ኮንሲስተንሲው በ0.12 ከወረደ ይህ የክልሉ 4 በመቶ ነው። 4 ለ5 ሲካፈል 0.8፤ ይህ ጌይኑ ነው፤ ቫልቩ በ1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ልኬቱ ስንት በመቶ እንደሚለወጥ ያሳያል። ልኬቱ መንቀሳቀስ እስኪጀምር 6 ሰከንድ ፈጀ፤ ይህ መዘግየቱ ነው፤ ከዚያ የለውጡን 63 በመቶ ለመድረስ 12 ሰከንድ ወሰደ እንበል።

በ1942 የወጣው የዚግለርና ኒኮልስ ዘዴ ትምህርት ቤት የምንማረው ነው፤ ለወረቀት ግን አልመክረውም። እየተወዛወዘ እንዲረጋ ነው የሚያደርገው፤ ያ ውዝዋዜ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይታተማል። የኔ ምርጫ ዳሊን በ1968 ካቀረበው ሥራ የመጣው የላምዳ ዘዴ ነው። ላምዳ ሉፑ በምን ያህል ፍጥነት እንዲያርም እንደምንፈልግ የሚወስን ጊዜ ነው፤ የመዘግየቱን 3 እጥፍ፣ ማለትም 18 ሰከንድ አድርጉት። ፒአይዲው ውስጥ የሚጻፈው የመቆጣጠሪያው ጌይን 12 ሲካፈል ለ19.2፣ ማለትም 0.625 ይሆናል። 19.2 የመጣው 0.8 በ24 ተባዝቶ ነው። 24 የመጣው 18 እና 6 ተደምረው ነው። ሌሎቹ ሁለት የፒአይዲ ቁጥሮች ደግሞ፦ የኢንተግራል ጊዜው 12 ሰከንድ፤ ዴሪቬቲቩ ዜሮ።

ከመጻፋችሁ በፊት ሲስተማችሁ በምን እንደሚቆጥር አረጋግጡ። 12 ሰከንድ በደቂቃ ለሚቆጥረው 0.2 ነው፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም ለሚጠይቀው ደግሞ 5። በጌይን ፋንታ ፕሮፖርሽናል ባንድ (100 ለጌይኑ ሲካፈል) የሚል ከሆነ 0.625 ማለት 160 ነው። አቅጣጫውንም እዩ፤ ኮንሲስተንሲ ሲጨምር የውሃው ቫልቭ መከፈት አለበት።

አውቶ ላይ አድርጉና ሴት ፖይንቱን፣ ማለትም ኮንሲስተንሲው እንዲደርስበት የምንፈልገውን ቁጥር፣ በ0.1 ቀይሩ። ሳይዘል በአንድ ደቂቃ አካባቢ ከደረሰ ጥሩ ነው። አንድ ሙሉ ሺፍት ተከታተሉት፤ በተለይ የወረቀቱ ዓይነት ሲቀየር።

ኮንሲስተንሲው ረግቶ የወረቀቱ ክብደት አሁንም የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ሬዲዮውን ይዛችሁ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ፐልፕ ወደሚቆጣጠረው ቫልቭ ሂዱ። ያንኑ የግማሽ በመቶ ፈተና እዚያም ስጡት።