ስኖው በሚጥልበት ቦታ የቤት ጣሪያ እንዴት እንደሚፈተሽ (አብዛኛውን ላይ ሳይወጡ)

ጣሪያ ፍተሻ ሲባል ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት መሰላል ነው። ብርድ ቦታ ላይ ግን መሰላሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም በዊንተር ጣሪያ ከሚያበላሹት ነገሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ከሰማይ ሳይሆን ከታች፣ ከራሱ ከቤቱ ሙቀት ነው። (በአማርኛ የሚበነውንም የረጋውንም "በረዶ" ብለን ስለምንጨርሰው እንዳይምታታ እዚህ ጋ ለስላሳውን ስኖው፣ ድንጋይ የሆነውን በረዶ እላለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ሙቀት በኮርኒሱ ሾልኮ ወደ አቲክ ይወጣል፣ ማለትም ከኮርኒሱና ከጣሪያው መሀል ወዳለው ባዶ ቦታ፣ ከዛ ጣሪያው ይሞቅና ስኖውን ከስሩ ያቀልጠዋል፣ ውሃው ቁልቁል ሲወርድ ጠርዙ ጋ ይደርሳል፣ ጠርዙ ደሞ ከግድግዳ ውጪ ስለሆነ ሙቀት የለውም፣ እዛው ይረጋል። እየረጋ እየረጋ ግድብ ይሰራል። በኋላ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይተኛና ሺንግሉ ስር፣ ማለትም ጣሪያውን ከላይ የሚያለብሰው ተደራራቢ ንጣፍ ስር ይገባል። ሺንግል የሚወርድ ውሃ ለማሳለፍ ነው እንጂ የተኛ ውሃ ለመቋቋም አልተሰራም። ይሄን ከያዛችሁ የቀረውን ፍተሻ ግማሹን በራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

መቼ? በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ቅጠል ረግፎ ካለቀ በኋላ ስኖው ሳይጀምር፣ አንዴ ደሞ ቀልጦ ሲያልቅ። በመሀል ከባድ ስኖው በወረደ ቁጥር ከመሬት ሆናችሁ አንድ ዙር ማየት በቂ ነው።

ደረጃ 1፦ ስኖው ራሱ ይንገራችሁ

ከወረደ አንድ ወይ ሁለት ቀን በኋላ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ሳትመታ ውጡና በርቀት ቆማችሁ እዩት። ስኖው እኩል ተኝቶ ከሆነ ጥሩ ነው። እዚህም እዚያም ተቀዶ ሺንግሉ ከታየ ግን ከዛ ስር ሙቀት እያመለጠ ነው፣ ኢንሱሌሽኑ (ሙቀት እንዳይወጣ ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፈው) ሳስቷል ወይ የሆነ ቀዳዳ አለ። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ካላችሁ ከሱ ጋር አወዳድሩት፣ ጋራዡ ነጭ ሆኖ ቤቱ ከተራቆተ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ፎቶ አንሱ፣ ምክንያቱም የተራቆተው ቦታ የትኛው ክፍል በላይ እንደሆነ በኋላ አቲክ ውስጥ ስትገቡ ያስፈልጋችኋል። ይሄ ነፃ የሆነ የሙቀት ካሜራ ነው ማለት ይቻላል፣ የሚገርመው ግን ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ደጁን ሲጠርግ ቀና ብሎ አያይም።

ከጠርዙ የሚንጠለጠለውን የበረዶ ዘንግም እዩ። ቀጭን ቀጭን ከሆነና ከኋላው የተቆለለ በረዶ ከሌለ ብዙ አያሳስብም። ወፍራም ሆኖ ጠርዙ ላይ የበረዶ ግንብ ካለ ግድቡ ተሰርቷል ማለት ነው። ዘንጉ ከአሸንዳው ሳይሆን ከግድግዳው ወይም ከጠርዙ ሆድ ከወጣ ደሞ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ደረጃ 2፦ አቲክ ውስጥ ግቡ

ዋናው ስራ እዚህ ነው። ባትሪ፣ ማስክ፣ ጓንት፣ እርሳስና ካቻቢቴ ያዙ። እግራችሁን ሞራሌው ላይ ብቻ አሳርፉ፣ በመሀሉ ያለው ጂፕሰም ሰው አይችልም፣ ከረገጣችሁት ሳሎን ነው የምትገኙት።

መጀመሪያ ባትሪውን አጥፉና ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከአየር ማስገቢያውና ማውጫው ውጪ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ካለ ውሃም ይገባበታል። ከዛ አብሩና ከላይ ተበስቶ የወጣውን የምስማር ጫፍ እዩ። ውርጭ ለብሶ ነጭ ከሆነ ከቤት የወጣ እርጥብ አየር እዛ እየረጋ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል! ውርጩ በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ቀልጦ ይንጠባጠብና ኮርኒሱ ሲረጥብ "ጣሪያው አፈሰሰ" ተብሎ ሺንግል ይቀየራል፣ ቀጣዩ ዓመት ደሞ ያው ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዝናብ ሳይኖር፣ ብርዱ ሲላላ፣ ብዙ ቦታ ላይ ተበታትኖ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውርጭ ነው። በዝናብ ወይ በትልቅ መቅለጥ ጊዜ ሁሌ አንድ ቦታ፣ በተለይ ጭስ ማውጫ ወይ ቱቦ አጠገብ ከሆነ እውነተኛ ፍሳሽ ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ቱቦ የት እንደሚያልቅ ተከትላችሁ እዩ፣ ውጪ ድረስ መሄድ አለበት፣ ግን አቲክ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚቀር አይጠፋም፣ እንፋሎቱ ሁሉ እዛው ይራገፋል ማለት ነው። የአቲኩ መግቢያ ክዳን፣ የመብራት ቀዳዳዎች፣ ሽቦና ቱቦ ያለፈበት ሁሉ ሙቀት ይሰርቃል፣ እነሱን መድፈን ኢንሱሌሽን ከመጨመር በፊት ይመጣል። ጠርዙ ጋ ያለው የአየር ማስገቢያ በኢንሱሌሽን ታፍኖ እንዳይሆንም እዩ።

ጥቁር እድፍ ያለበትን ኮምፔንሳቶ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉት፣ ከሰረገ በስብሷል። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ የዱሮ ሊሆን ስለሚችል የእድፉን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩና ቀኑን ጻፉበት።

ደረጃ 3፦ የውጪው፣ ስኖው ሳይመጣ

ይሄ በደረቅ ቀን ነው። አስፋልት ሺንግል በብርድ ጊዜ ይደርቃል፣ ስትረግጡት ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ዊንተር ላይ አትውጡበት፣ ለሺንግሉም ለአንገታችሁም። ባይኖኩላር ካላችሁ ከመሬት ሆናችሁ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ የጎደለ፣ የተነሳ ሺንግል ፈልጉ። አሸንዳውን ስታጸዱ አሸዋ የሚመስል ነገር በብዛት ካገኛችሁ ሺንግሉ እያረጀ ነው። ከሁሉ በላይ መጋጠሚያዎቹን እዩ፣ ጭስ ማውጫው ዙሪያ የታጠፈው ቆርቆሮ፣ ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ሸለቆ፣ ከጣሪያው የሚወጣው ቱቦ አንገት ላይ ያለው ጎማ። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እየረጋባት እየቀለጠባት ስትከርም በፀደይ ሌላ ነገር ሆና ነው የምትጠብቃችሁ።

መሰላል የግድ ከሆነ፣ ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩ 1 ሜትር ይራቅ፣ ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ፣ ከታች የሚይዝ ሰው ይኑር። ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ የብሎኖቹ ጎማ እንዳልደረቀ እዩ፣ ስኖው ከሱ ላይ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ስለሚንሸራተት ስሩ መቆም አይገባም።

ደረጃ 4፦ ክብደት

የስኖውን ውፍረት ብቻ አትዩ። አዲስና ደረቅ ስኖው አንድ ሜትር ኪዩቡ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፣ የተጠቀጠቀ ወይ የረጠበ ከ200 እስከ 400፣ በረዶ ደሞ 900 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ስኖው ሲባል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 15 ኪሎም ሊሆን ይችላል 120ም፣ በተለይ ስኖው ላይ ዝናብ ከዘነበበት። የላይኛው ፎቅ በሮች ድንገት አልዘጋ ካሉ፣ ኮርኒሱ አዲስ ስንጥቅ ካወጣ ወይ ወደ ታች ካጎበጠ፣ እንጨቱ ከጮኸ፣ ፍተሻው አበቃ፣ ከቤት ውጡና ባለሙያ ጥሩ።

ለመቀነስ ረጅም እጀታ ያለው የጣሪያ መጥረጊያ አለ፣ ከመሬት ሆናችሁ ከጠርዙ ጀምሮ በስሱ፣ በሁለቱም በኩል እኩል እኩል አድርጋችሁ ሳቡ፣ የመብራት ገመድ በሌለበት። እስከ ሺንግሉ አትፋቁ፣ ጥቂት ሴንቲ ተዉ። በረዶውን በመጥረቢያ መምታት ወይ ተራ ጨው መበተን በረዶው ከሚያደርሰው በላይ ጉዳት ነው፣ አንዱ ሺንግሉን ይሰብራል ሌላው አሸንዳውን ያዝገዋል።

ስትዞሩ የማሞቂያው ጭስ መውጫ በስኖው እንዳልተደፈነ ማየት አትርሱ፣ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይመለሳል፣ እሱ ደሞ ሽታ የለውም።

ስኖው ሲያልቅ ያን ያሰመራችሁበትን እድፍ ተመልሳችሁ እዩት። ከመስመሩ ካልወጣ የዱሮ ነው፣ ተዉት። ካለፈ ከሱ ወደ ላይ በጣሪያው ተዳፋት አቅጣጫ ተከተሉት፣ ውሃ የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም፣ ለጠጋኙም የምታሳዩት የላይኛውን ነው።