«ጠረጴዛው ራሱ ይሄዳል»፦ በማውስ የሚንቀሳቀሱ ቅርጾችን ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአንድ ሆቴል የሰርግ አዳራሽ ጠረጴዛ መደርደሪያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ በሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ (የዊንዶውስ መስኮቶች መሥሪያ)። አዳራሹ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ክብ ጠረጴዛዎቹን በማውስ እየጎተቱ የፈለጉበት ያስቀምጣሉ፤ አንዱን ጠረጴዛ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ደግሞ በዙሪያው የሚቀመጡት እንግዶች ስም ዝርዝር ይከፈታል። ሥራው ከተረከበ በሦስተኛው ቀን የአዳራሹ ኃላፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጠዋት በመስመር የደረደርኳቸው ጠረጴዛዎች ከሰዓት በኋላ ተጣመሙብኝ። እኔ አልነካኋቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሚሄዱት» አሉኝ።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንደ ወትሮው ሲሠሩ ዝም ብዬ እጃቸውን ተመለከትኩ። ስም ለመጻፍ ጠረጴዛውን ሁለቴ ጠቅ ያደርጋሉ። ጣታቸው ቁልፉን ሲጫን ማውሱ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ሁለት ፒክሴል፣ ቢበዛ ሦስት። የእኔ ኮድ ያንን መንሸራተት እንደ መጎተት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ዝርዝሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ፒክሴል ይሸሻል፤ ሃያ ጊዜ ሲከፈት ከመስመሩ ይወጣል። እውነታቸውን ነበር። እሳቸው አላንቀሳቀሱትም።

በማውስ የሚሠራ ሰው ዕቃውን በእጁ የያዘ ያህል ይሰማዋል። ይህ ስሜት አንዴ ከተሰበረ ተጠቃሚው በፕሮግራሙ ላይ ያለው እምነት አብሮ ይሄዳል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው እኔ ራሴ የሠራኋቸውና በሌሎች ኮድ ውስጥም ደጋግሜ ያገኘኋቸው ስህተቶች ናቸው።

ጠቅ ማድረግንና መጎተትን አለመለየት

ቁልፉ በተጫነበት ቅጽበት ተጠቃሚው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ገና አናውቅም። መምረጥ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ሊሆን ይችላል፤ መጎተትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በ«ማውስ ዳውን» ጊዜ፣ ማለትም ቁልፉ መጫኑን የሚነግረን መልእክት (ኢቨንት) ሲመጣ፣ ቦታውን መዝግቦ መጠበቅ ይበቃል። የመንቀሳቀሱ ኢቨንት «ማውስ ሙቭ» ሲመጣ ጠቋሚው ከተመዘገበው ቦታ በቂ ርቀት መሄዱን እናያለን፤ ካልሄደ ቅርጹን አንነካውም። በቂው ርቀት ስንት እንደሆነ ዊንዶውስ ራሱ ይነግረናል። በዊንዶውስ ፎርምስ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ድራግ ሳይዝ» የሚባል መጠን አለ፤ በነባሪው 4 ፒክሴል ነው። ለሁለቴ ጠቅታ የተፈቀደው ጊዜ ደግሞ በነባሪው 500 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ተጠቃሚው ከኮምፒውተሩ ቅንብር ሊያረዝመው ይችላል። እጃቸው የሚዘገይ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ያረዝሙታል። ቁጥሩን ከሲስተሙ መጠየቅ ሲቻል 500 ብሎ በኮድ ውስጥ በእጅ መጻፍ እነዚህን ሰዎች ከፕሮግራሙ ማስወጣት ነው።

በጃቫ ስዊንግ (የጃቫ ቋንቋ የመስኮት መሥሪያ) ችግሩ በተቃራኒው ይመጣል። ቁልፉ ተጭኖ እስኪለቀቅ ማውሱ ከተንቀሳቀሰ «ማውስ ክሊክድ» የሚባለው ኢቨንት ላይመጣ ይችላል። ሥራውን ሁሉ በእሱ ላይ ያንጠለጠለ ፕሮግራም አንዳንዱን ጠቅታ ይውጠዋል፤ ተጠቃሚውም ማውሱ የተበላሸ ይመስለዋል። መጫኑንና መልቀቁን ለየብቻ ተቀብሎ ራስ መወሰን ይሻላል።

ቅርጹን ከተያዘበት ቦታ ማስለቀቅ

ጠረጴዛውን በቀኝ ጠርዙ ይዘውት ገና ማንቀሳቀስ ሲጀምሩ ዘሎ የግራ ላይኛው ጥጉን ከጠቋሚው ሥር ያመጣል። ምክንያቱ ኮዱ የጠቋሚውን ቦታ እንዳለ የቅርጹ መነሻ ነጥብ ማድረጉ ነው። ጠረጴዛው በ200 እና 120 ላይ ቢሆን፣ ቁልፉ የተጫነው ደግሞ በ235 እና 150 ላይ ቢሆን፣ ልዩነቱ 35 እና 30 ነው። ይህን ልዩነት በተጫነበት ቅጽበት እንመዘግባለን። ጠቋሚው 300 እና 200 ላይ ሲደርስ ልዩነቱን ቀንሰን ጠረጴዛውን 265 እና 170 ላይ እናደርገዋለን። የተያዘው ጠርዝ ከጠቋሚው ሥር ንቅንቅ አይልም።

የዚሁ ስህተት ስውር ወንድም አለ። ብዙዎቻችን ካለፈው ኢቨንት እስከ አሁኑ ያለውን ጥቂት ርቀት እየወሰድን በቅርጹ ቦታ ላይ እንደምራለን። ያለ ችግር የሚሠራ ይመስላል፤ ቅርጾቹ በየ20 ፒክሴሉ መስመር እንዲይዙ ማድረግ ስንጀምር ግን ጉዱ ይወጣል። ተጠቃሚው ቀስ ብሎ ሲጎትት እያንዳንዱ እርምጃ ሦስት ፒክሴል ነው፤ ሦስት ወደ ሃያ ብዜት ሲጠጋጋ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ደግሞ መቶ ጊዜ ቢደመር ያው ዜሮ ነው። ቀስ ብለው ሲጎትቱት ጠረጴዛው ተቸንክሮ ይቀራል፤ ፈጠን ሲያደርጉት ይዘላል። እኔ ይህን ስህተት ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም ስፈትነው ሁልጊዜ በፍጥነት ነበር የምጎትተው። መፍትሔው ስሌቱን ሁልጊዜ መጎተቱ ከተጀመረበት ቦታ ማስነሣት ነው፦ የመነሻ ቦታ ሲደመር ጠቅላላ የተሄደው ርቀት። ማጠጋጋቱ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ይደረጋል፤ የተጠጋጋው ውጤት ለሚቀጥለው ስሌት መነሻ መሆን የለበትም።

ከሥር ያለውን መምረጥ

ስንስል ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ምንጣፉ፣ ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ በላዩ ያለው ቁጥር። ጠቋሚው ያረፈበትን ስንፈልግ ግን ከላይ ወደ ታች መሄድ አለብን። ለመሳል በተጠቀምንበት ቅደም ተከተል ፈልገን የመጀመሪያውን ከመለስን የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ልንይዝ ስንል ምንጣፉ ይነሣል። ዝርዝሩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማንበብ ይህን ይፈታል።

ክቡን በአራት ማዕዘን መለካት

ክብ ጠረጴዛ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሲታሰብ ከአራት ማዕዘኑ ስፋት 21 በመቶ ያህሉ ከክቡ ውጭ ነው። ተጠቃሚው በዚያ ባዶ ጥግ ላይ ሲጫን ጠረጴዛው ከተያዘ ወለሉን ነክቼ ጠረጴዛ ያዝኩ ይላል። ሁለት ጠረጴዛዎች ሲጠጋጉም አንዱ የሌላውን ጠቅታ ይነጥቃል። ለክብ፣ ጠቋሚው ከመሐል ያለውን ርቀት ከሬዲየሱ ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሁለቱንም በካሬያቸው ካነጻጸርናቸው የካሬ ሥር ማውጣትም አያስፈልግም። ለተወሳሰበ ቅርጽ በዊንዶውስ ፎርምስ «ግራፊክስ ፓዝ» ነጥቡ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይመልስልናል።

ለቀጭን መስመር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ልክክ ያለ ስሌት ጨካኝ ነው። አንድ ፒክሴል ውፍረት ያለውን የግድግዳ መስመር በትክክል ነክቶ ለመያዝ የሚችል እጅ የለም። ከነጥቡ እስከ መስመሩ ያለውን አጭር ርቀት አስልቶ ከ4 ወይም ከ5 ፒክሴል በታች ከሆነ እንደተነካ መቁጠር ይገባል። ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ይህ ርቀት የሚለካው በስክሪኑ ፒክሴል እንጂ በሥዕሉ መለኪያ አለመሆኑ ነው። አለዚያ ተጠቃሚው ሥዕሉን ሲያሳንሰው መስመሩ አይያዝም፤ ሲያጎላው ደግሞ መስመሩ ከሩቅ ሆኖ ጠቅታ ይስባል።

ሦስቱን ኮኦርዲኔት ማደባለቅ

አንድ ነጥብ ሦስት አድራሻ አለው፦ በስክሪኑ ላይ፣ በመስኮቱ ውስጥ፣ በሥዕሉ ውስጥ። የማውስ ኢቨንት ብዙ ጊዜ የመስኮቱን ይሰጠናል፤ ጠረጴዛው የሚኖረው ግን በሥዕሉ ውስጥ ነው። ሥዕሉ ሳይጎላና ሳይሸበለል ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ ስህተቱ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ አይታይም። ተጠቃሚው ወደ 150 በመቶ ሲያጎላ ግን ጠቅታው ሁሉ ሌላ ቦታ ያርፋል። ለመሳል የተጠቀምንበትን ስሌት ገልብጠን በጠቋሚው ላይ እንሠራዋለን፦ መጀመሪያ የተሸበለለውን መጨመር፣ ከዚያ ለማጉያው ቁጥር ማካፈል። ሥዕሉ መዞርም ከቻለ ለመሳል የተጠቀምንበትን ማትሪክስ (የልወጣውን የቁጥር ሰንጠረዥ) ገልብጦ መጠቀም ነው። ይህ ልወጣ በአንድ ፈንክሽን ብቻ ይኑር፤ በየቦታው ከተበተነ አንዱ ቦታ መረሳቱ አይቀርም።

ሁለተኛ ስክሪን በግራ በኩል የተገናኘበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የስክሪኑ ኮኦርዲኔት ከዜሮ በታች ይወርዳል። በቀጥታ ከዊንዶውስ መልእክት ቁጥሩን የሚያወጡ ፕሮግራሞች የመቀነስ ምልክቱን ካልጠበቁ -10 የነበረውን 65526 አድርገው ያነቡታል። ቅርጹም ከእይታ ይሰወራል።

መልቀቁ ሁልጊዜ ይመጣል ብሎ ማመን

ተጠቃሚው ጠረጴዛውን እየጎተተ ከመስኮቱ ወጥቶ እዚያው ቁልፉን ይለቃል። በዊንዶውስ ፎርምስና በኪውት (ሌላ የመስኮት መሥሪያ) ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ማውሱ ለተጫነበት ክፍል ተይዞ ስለሚቆይ መልእክቱ ይደርሰናል፤ በዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ስንጽፍ ግን «ሴት ካፕቸር» ብለን መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። ተይዞም ቢሆን፣ በመሐል የማስጠንቀቂያ ሳጥን ብቅ ካለ ወይም ሰውየው ወደ ሌላ መስኮት ከዘለለ የመልቀቁ ኢቨንት «ማውስ አፕ» ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። «እየተጎተተ ነው» ያልንበት ቫሪያብል እውነት እንደሆነ ይቀራል። ተጠቃሚው ሲመለስ ምንም ሳይጫን ጠረጴዛው ጠቋሚውን እየተከተለ አዳራሹን ይዞረዋል። ይህን ያየ ሰው ይደነግጣል፤ እኔም ባለሁበት የደነገጠ ሰው አይቻለሁ።

ሁለት መጠበቂያ አለ። የማውሱ መያዝ ሲቋረጥ የሚመጣውን «ማውስ ካፕቸር ቼንጅድ» የሚለውን ኢቨንት መስማትና መጎተቱን በዚያ ማቋረጥ አንዱ ነው፤ ይህ ኢቨንት በተለመደው መልቀቅም ጊዜ ስለሚነሣ ሥራው ሁለት ጊዜ እንዳይጠናቀቅ መጠበቅ ያሻል። ሌላው፣ በየ«ማውስ ሙቩ» የግራ ቁልፉ በእርግጥ ተጭኖ እንደሆነ ማየት ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሲጎተት የሚመጡት ቁጥሮችም ከአዳራሹ ወሰን እንዳያልፉ መገደብ አለባቸው፤ አለዚያ ጠረጴዛው ከግድግዳው ጀርባ ይቀራል፤ ማንም ደርሶ አያመጣውም።

በእያንዳንዱ ንቅናቄ ከባድ ሥራ መሥራት

መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮግራም ጠረጴዛው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አዲሱን ቦታ ወደ ዳታቤዝ ይጽፍ ነበር። ተራ የዩኤስቢ ማውስ በሰከንድ እስከ 125 ጊዜ ቦታውን ይናገራል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ አልታወቀም፤ በአዳራሹ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ጠረጴዛው ከእጅ በኋላ እየተጎተተ ይደርስ ነበር። ወደ ዳታቤዙ መጻፍ ቁልፉ ሲለቀቅ አንዴ ብቻ ነው። ሲጎተት መደረግ ያለበት አዲሱን ቦታ መያዝና የተለወጠውን የስክሪን ክፍል ብቻ እንዲሳል መጠየቅ ነው፤ የቀድሞውን ቦታም አዲሱንም። የቀድሞውን የረሳ ሰው ከጠረጴዛው ኋላ የቀረ ጥላ ያያል። ሥዕሉን በስውር አዘጋጅቶ በአንዴ የሚያሳየውን «ደብል በፈርድ» የሚለውን ማብራትም ብልጭታውን ያጠፋዋል። ደግሞም ዊንዶውስ ማውሱ ሳይነቃነቅ «ማውስ ሙቭ» የሚልክበት ጊዜ ስላለ ቦታው በእርግጥ መለወጡን አስቀድሞ ማየት ጥሩ ነው።

መመለሻ አለማዘጋጀት

ሰው ሲጎትት ሐሳቡን ይለውጣል። የኢስኬፕ ቁልፉን ሲጫን ቅርጹ ወደ ተነሣበት መመለስ አለበት፤ የመነሻውን ቦታ አስቀድመን ስለመዘገብን ይህ አንድ መስመር ኮድ ነው። የመቀልበስ ትእዛዝ ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ መጎተት እንደ አንድ ድርጊት ይመዝገብ። በየንቅናቄው ከተመዘገበ ተጠቃሚው አንድን ጠረጴዛ ለመመለስ መቶ ጊዜ መጫን ይኖርበታል።

የቀሩት በአጭሩ

የማውሱ መንኮራኩር በአንድ እርምጃ 120 ይልካል፤ ዘመናዊ ማውሶችና የላፕቶፕ ተችፓዶች ግን ከዚያ ያነሰ ቁጥር እየከፋፈሉ ይልካሉ። ለ120 አካፍሎ ቀሪውን የሚጥል ኮድ በእነርሱ ላይ ጨርሶ አይሸበልልም፤ ቀሪውን ማጠራቀም ይገባል።

በጃቫ ስዊንግ በቀኝ ቁልፍ የሚከፈተው ዝርዝር በዊንዶውስ ላይ በመልቀቁ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ደግሞ በመጫኑ ጊዜ ነው የሚታወቀው። በሁለቱም ቦታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ግራኝ የሆኑ ሰዎች የማውሱን ቁልፎች ያለዋውጣሉ። ተራው የዊንዶውስ መልእክት ይህን አስቦ ይመጣል፤ የቁልፍን ሁኔታ የምንጠይቅበት የዊንዶውስ ፈንክሽን «ጌት ኤሲንክ ኪይ ስቴት» ግን አካላዊውን ቁልፍ ነው የሚያየው። ቁልፉን በእሱ ከጠየቅን ግራኞቹ ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል።

በመጨረሻ ያስገባሁት የፍላጻ ቁልፎችን ነው፦ ጠረጴዛውን መርጦ ፍላጻውን ሲጫኑ አንድ ፒክሴል፣ ሺፍትን ይዘው ሲጫኑ ሃያ ፒክሴል ይሄዳል። ማውስ መያዝ ለሚያስቸግረው ሰው ብዬ ነበር የጻፍኩት። ኃላፊዋ የተጣመሙትን ጠረጴዛዎች ለቅዳሜው ሰርግ አንድ በአንድ ያቃኑት በእነዚሁ ቁልፎች ነው።